ከኦፕሬተርነት ወደ ፈረቃ ኃላፊነት፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የአሠራር መመሪያ

በገላን፣ በዱከም፣ በሰበታና በቂሊንጦ አካባቢ ባሉ ፋብሪካዎች ለፈረቃ ኃላፊዎች ሥልጠና በሰጠሁ ቁጥር፣ የዕለቱ ርእስ ምንም ቢሆን በሻይ ሰዓት የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «እስከ ትናንት አብሬያቸው ስሠራ የነበሩትን ሰዎች ዛሬ እንዴት አድርጌ ልምራቸው?» የሚል። ጥያቄው የሚበዛው በፍጥነት በሚያድጉ ኩባንያዎች ውስጥ ነው። ፋብሪካው አንድ መስመርና 40 ሠራተኛ በነበረው ጊዜ ባለቤቱ ራሱ እየዞረ ያዝዝ፣ ያስታርቅ፣ መለዋወጫ ይገዛ ነበር። መስመሩም ፈረቃውም ሦስት ሲሆን ባለቤቱ ቢሮ ይገባል፤ በቃል ይያዝ የነበረው ነገር ግን እንደነበረው በቃል ይቀራል፤ ክፍተቱን እንዲሞላ የሚጠበቀውም ጎበዝ ኦፕሬተር በመሆኑ ብቻ የተሾመው ሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ያንን በቃል የቀረ ነገር በእርስዎ ፈረቃ ልክ ወደ ጽሑፍ ለማምጣት የተዘጋጁ ናቸው። አንዱ ደረጃ ከቀደመው በሚገኝ መረጃ ላይ ስለሚቆም ቅደም ተከተላቸውን ይጠብቁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የሹመት ደብዳቤዎ ቅጂ
• የኩባንያው የሥራ ደንብ፣ የሠራተኛ ማኅበር ካለም የኅብረት ስምምነቱ
• የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቅጂ
• ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ሁለት ደብተሮች፣ አንዱ ለፈረቃ ርክክብ፣ ሁለተኛው ለእርስዎ ማስታወሻ (ገጽ ተገንጥሎ ቢወጣ እንዲታወቅ ገጾቹን አስቀድመው በቁጥር ይሙሉ)
• ነጭ ሰሌዳ ወይም ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትልቅ ወረቀት
• የሜካኒኩ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያው፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ የክሊኒኩና የሰርቪስ ሾፌሩ ስልክ ቁጥሮች
• የማሽን ማብሪያ የሚቆለፍበት ቁልፍና «አይነካ፣ ሰው እየሠራበት ነው» የሚል መለያ

ደረጃ 1፦ የሥልጣንዎን ወሰን በጽሑፍ ያስወስኑ

የሹመት ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ አዲሱን የሥራ መደብና ደመወዝ ጠቅሶ ያበቃል፤ ምን መወሰን እንደሚችሉ አይነግርዎትም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይክፈሉና «ራሴ የምወስነው»፣ «ወስኜ የማሳውቀው»፣ «አስፈቅጄ የምፈጽመው» ብለው ይሰይሟቸው። ከዚያም በፈረቃ ውስጥ በእርግጥ የሚያጋጥሙትን ጉዳዮች ያስገቡባቸው፦ ማሽን ማስቆም፣ ሠራተኛን ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ማዛወር፣ የአንድ ሰዓት ፈቃድ መስጠት፣ የታመመን ሰው ወደ ክሊኒክ መላክ፣ ትርፍ ሰዓት ማሠራት፣ ከመጋዘን መለዋወጫ ማውጣት፣ የተበላሸን ምርት ውድቅ ማድረግ። ረቂቁን ለቅርብ አለቃዎ አሳይተው ከተስማሙ በኋላ ሁለታችሁም ፈርሙበት። «ማሽን ማስቆም» ከመጀመሪያው ዓምድ እንዳይወጣ አጥብቀው ይከራከሩ፤ አደጋ ሲታይ ማሽን ለማስቆም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስልክ ደውሎ ማስፈቀድ ያለበት ኃላፊ ሊኖር አይገባም።

ይህን የማድረጉ ጥቅም በቅርቡ ይታያል። ሠራተኛ አዲስ ኃላፊን የሚፈትነው በትንንሽ ነገር ነው፤ ዛሬ የፈቀዱት ነገር ነገ ከላይ ከተሻረ፣ ከዚያ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ሁሉ እርስዎን አልፎ ይሄዳል።

በዚሁ አጋጣሚ ደብዳቤው «የሥራ መሪ» የሚል ቃል ይዞ እንደሆነ ይመልከቱ። አዋጁ የሥራ መሪዎችን በተፈጻሚነት ወሰኑ ውስጥ አያካትትም፤ ለሥራ መሪ የሰጠው ትርጉምም ሠራተኛን የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን ያለውን ሰው የሚጨምር በመሆኑ ሰፊ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያዎ መቀጠሉን ወይም መቋረጡን አሁኑኑ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ያግኙ። የሹመት ጭማሪው ከቀረበት የትርፍ ሰዓት ክፍያ አንሶ፣ በወሩ መጨረሻ ከሚመራቸው ኦፕሬተሮች ያነሰ ገንዘብ የሚወስድ ኃላፊ ብርቅ አይደለም።

ደረጃ 2፦ የትናንት ባልደረቦችዎን አንድ በአንድ ያነጋግሩ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር ለብቻ አሥር ደቂቃ ያህል ይቀመጡ። ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ሥራውን የሚያከብድበት ምንድን ነው፣ የትኛውን ማሽን መማር ይፈልጋል፣ በዚህ ፈረቃ ውስጥ መለወጥ የሌለበት ነገር የቱ ነው። መልሱን እዚያው በማስታወሻ ደብተርዎ ይጻፉ፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ምንም ቃል አይግቡ። በጅምላ ስብሰባ ላይ «እኔ ያው የድሮው ሰው ነኝ» ብሎ መናገር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ሰዎቹ የሚጠብቁት የድሮውን ውለታ ስለሆነ ንግግሩ በመጀመሪያው የትርፍ ሰዓት ምደባ ላይ ይፈርሳል።

በዕድሜ የሚበልጥዎትን ሠራተኛ ጋሼ ወይም እትዬ ይሉት ከነበረ፣ ከሹመቱ በኋላም በዚያው ይቀጥሉ። አክብሮቱ ትእዛዙን አያላላውም፤ ትእዛዙ የሚላላው አክብሮቱ በድንገት ሲቀር ነው።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ገንዘብ ነው። በፈረቃው ውስጥ የእቁብ ሰብሳቢ ከሆኑ ሰብሳቢነቱን ለሌላ ሰው ያስረክቡ፤ ዕጣ መጣሉን በእማኝ ፊት ዘግተው ደብተሩን ይስጡ። ትርፍ ሰዓት የሚመድበውና የእቁብ ገንዘብ የሚይዘው ሰው አንድ ከሆነ፣ ቀድሞ ዕጣ የደረሰው ሁሉ በምደባ የተደገፈ መስሎ ይታያል፤ ያልከፈለውን መጠየቅም ማስፈራራት ይሆናል። ያለብዎትን ብድር ከፍለው ይጨርሱ፤ ያበደሩት ካለም የመክፈያ ቀኑን ተነጋግረው ይወስኑና ከዚያ በኋላ በሚመሩት ፈረቃ ውስጥ አያበድሩ። የእርስዎ ወይም የባለቤቱ ዘመድ በመስመሩ ላይ ካለም፣ ፈቃዱንና ምደባውን እርስዎ ሳይሆኑ የቅርብ አለቃዎ እንዲያጸድቅለት ያድርጉ።

ደረጃ 3፦ ማን ምን እንደሚችል የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይሥሩ

በነጩ ሰሌዳ ላይ በግራ በኩል የሠራተኞችን ስም፣ ከላይ የሥራ ዓይነቶችን ይጻፉ። ሥራውን ለማያውቅ ባዶ ክብ፣ በእገዛ ለሚሠራ ግማሹ የጠቆረ ክብ፣ ብቻውን ለሚሠራ ሙሉ የጠቆረ ክብ፣ ሌላውን ማስተማር ለሚችል ኮከብ ያድርጉ። ምልክቱን በወሬ ሳይሆን ሰውየው ሲሠራ ቆመው አይተው ይስጡ። ከዚያ በዓምድ ወደ ታች ያንብቡ፤ ሙሉ ክብ ወይም ኮከብ ያለው ሰው አንድ ብቻ የሆነበት ሥራ ሁሉ ሊቆም የደረሰ ሥራ ነው። ግብዎ ለእያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ክብ ማግኘት ይሁን።

ሠንጠረዡ ጥቅም የሚሰጠው ከቀን መቁጠሪያ ጋር ሲነበብ ነው። ለመስቀል ወደ ጉራጌ፣ ወደ ወላይታና ወደ ጋሞ የሚሄዱ ሠራተኞች ፈቃድ የሚጠይቁት በአንድ ሳምንት ነው። በኢሬቻ ሰሞን ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደው መንገድ ስለሚጨናነቅ የገላንና የዱከም ሰርቪሶች ይዘገያሉ፤ ዒዶቹ በጨረቃ ስለሚወሰኑ ቀናቸው እስከ ዋዜማው ላይቆረጥ ይችላል። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ስለሆነ፣ ኮከብ ያላት ሠራተኛ ከመውጣቷ በፊት ተተኪዋን እንድታሠለጥን አስቀድሞ ጊዜ ይመደብላት።

ደረጃ 4፦ አዲስ ሠራተኛን በአራት ዙር ያስተምሩ

በማደግ ላይ ያለ ፋብሪካ በየሳምንቱ አዲስ ሰው ይቀበላል። የተለመደው አሠራር አዲሱን ሰው ከነባሩ አጠገብ አቁሞ «እያየህ ልመድ» ማለት ነው፤ እንዲህ የለመደ ሰው ግን የነባሩን ቅልጥፍና ከመያዙ በፊት አጉል ልማዱን ይይዛል። በምትኩ የሚከተለውን ያድርጉ።

ሀ. ያዘጋጁት። ሥራው ለምን እንደሚሠራ፣ ምርቱ ለማን እንደሚሄድ፣ እጅ የማይገባበት ቦታ የቱ እንደሆነ ይንገሩት። ጓንትና ሌሎች መከላከያዎችን ከመጀመሪያው ደቂቃ ያስለብሱት።

ለ. ያሳዩት። ሦስት ጊዜ ይሥሩለት፤ አንደኛውን ጊዜ በዝምታ፣ ሁለተኛውን እያንዳንዱን ተግባር በስሙ እየጠሩ፣ ሦስተኛውን ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ እያስረዱ። ፊት ለፊቱ ቆመው ካሳዩት ግራና ቀኝ ስለሚገለበጥበት ከጎኑ ይቁሙ።

ሐ. ያሠሩት። መጀመሪያ በዝምታ ይሥራ፤ ቀጥሎ እየሠራ በራሱ አፍ ምክንያቱን ጭምር ያስረዳዎት። «ገባህ?» ብለው አይጠይቁ፤ ያልገባውም አዲስ ሰው አለቃ ፊት «ገብቶኛል» ነው የሚለው። «አሁን ይህን ባታጠብቀው ምን ይሆናል?» ብለው ሲጠይቁት ግን እውነቱ ይወጣል።

መ. ይከታተሉት። በመጀመሪያው ቀን በየሰዓቱ፣ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ አይተው ይመዝግቡ።

የመጀመሪያ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ፣ ወላይትኛ ወይም ሲዳምኛ የሆነን ሠራተኛ ከተቻለ ቋንቋውን ከሚናገር ኮከብ ጋር ያጣምሩት። «አቁም» እና «አጥፋ» የሚሉትን ቃላት በፈረቃው በሚነገሩ ቋንቋዎች ሁሉ ጽፈው ከማሽኑ አጠገብ ይለጥፉ፤ የማሽን ድምፅ ሰው በማያሰማበት ክፍል ደግሞ አንድ የእጅ ምልክት ወስነው ሁሉንም ያስለምዱ።

ክትትሉን መመዝገብ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በ58ኛው ቀን ከሰው ሀብት ክፍል «ይቀጥል ወይስ አይቀጥል?» ተብለው ሲጠየቁ የሚመልሱት ከመዝገብዎ ካልሆነ፣ መልስዎ ከግል ስሜት አይለይም።

ደረጃ 5፦ የፈረቃ ርክክብን ማሽኑ አጠገብ ያድርጉ

በሌሊት የተፈጠረ ብልሽት ለጠዋቱ ፈረቃ እንቆቅልሽ የሚሆነው በርክክብ ጉድለት ነው። ርክክብ በር ላይ ወይም ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ አይደረግም፤ ወጪውና ገቢው ኃላፊ በመስመሩ ላይ አብረው እየሄዱ ከደብተሩ አምስት ነገር ይተላለፋሉ፦ የእያንዳንዱ ማሽን ሁኔታ፣ የተመረተውና ውድቅ የሆነው መጠን፣ የቀረው ጥሬ ዕቃ፣ የቀረ፣ የታመመ ወይም አዲስ የገባ ሰው፣ ከላይ የመጣና ገና ያልተፈጸመ ትእዛዝ።

አጻጻፉ ለውጥ ያመጣል። «ማሽን 3 ትንሽ ችግር አለበት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለተረካቢው ምንም አይነግረውም። «ማሽን 3፦ ከሌሊቱ 8፡20 ጀምሮ ማሸጊያው በግራ በኩል አይዘጋም ነበር፤ ሜካኒክ ማሞቂያውን ቀይሯል፤ ከ10 ሰዓት ወዲህ ደህና ነው፤ በየ30 ደቂቃው ይታይ» የሚለው ግን ሥራ ይሰጠዋል። ሰዓት፣ የታየው ነገር፣ የተደረገው ነገር፣ ቀጥሎ የሚደረገው ነገር፤ እነዚህ አራቱ ከተጻፉ የእጅ ጽሑፉ ባያምርም ግድ የለም። ሁለቱም ኃላፊዎች ይፈርማሉ።

በከተማው ዳርቻ ላሉ ፋብሪካዎች ዋናው እንቅፋት ሰርቪሱ ነው። ፈረቃው ቀን 8 ሰዓት ላይ ሲያልቅ ሰርቪሱም 8 ሰዓት ላይ የሚነሣ ከሆነ ወጪው ኃላፊ መሮጡ አይቀርም፤ ገቢው ደግሞ የቃሊቲን የጭነት መኪና ወረፋ አልፎ ገና እየመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ኃላፊዎች ለ15 ደቂቃ የሚገናኙበትን ሰዓት፣ የዚያንም ጊዜ ክፍያ ጭምር ከአስተዳደሩ ጋር በግልጽ ይወስኑ። ይህ ካልተወሰነ ደብተሩ ሁልጊዜ ከፈረቃው ማብቂያ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ይሞላል፤ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ደግሞ ሳይጻፍ ይቀራል።

ማስጠንቀቂያ፦ መብራት ሲጠፋ ኦፕሬተሮች የተጣበቀ ምርት ለማውጣት ወዲያው እጃቸውን ወደ ማሽን ይሰዳሉ። መብራቱ ሲመለስ ወይም ጀነሬተሩ ሲነሣ ማሽኑ ሳይታሰብ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ሕጉ አንድ ይሁን፤ የማሽኑ ዋና ማብሪያ ሳይጠፋና ሳይቆለፍ፣ ቁልፉም በሚሠራው ሰው ኪስ ሳይገባ፣ ማንም እጁን አያስገባ። መብራቱ ከተመለሰ በኋላ እያንዳንዱ ማሽን የሚነሣው እርስዎ ዞረው ካዩ በኋላ ነው።

ደረጃ 6፦ የሥራ ሰዓትንና ትርፍ ሰዓትን ራስዎ ያስሉ

ስሌቱን ለሒሳብ ክፍል ብቻ አይተዉ፤ ሠራተኛው ቅሬታውን የሚያመጣው ለእርስዎ ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች፣ ለምሳሌ አደጋ ሲደርስ ወይም አስቸኳይ ሥራ ሲያጋጥም ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። የሰዓት ደመወዙ 30 ብር የሆነ ሠራተኛ ለአንድ ትርፍ ሰዓት ቢያንስ የሚከተለውን ያገኛል።

• ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፦ በ1.5 ተባዝቶ 45 ብር
• ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት፦ በ1.75 ተባዝቶ 52.50 ብር
• በሳምንት ዕረፍት ቀን፦ በ2 ተባዝቶ 60 ብር
• በሕዝብ በዓል ቀን፦ በ2.5 ተባዝቶ 75 ብር

ትእዛዝ ሲበዛ ባለ 12 ሰዓት ሁለት ፈረቃ እንዲሆን ሐሳብ ይመጣል። ሲሰሉት በቀን 4 ትርፍ ሰዓት በስድስት ቀን 24 ይሆናል፤ የሳምንቱ ጣሪያ 12 ስለሆነ በሦስት ቀን ይሞላል። ይህን ቁጥር ጽፈው ለአለቃዎ ማሳየት «ሠራተኛው ደክሟል» ብሎ ከመከራከር ይልቅ ያዋጣል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም ሆነ በትርፍ ሰዓት መመደብ የተከለከለ ነው፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ወጣት ሠራተኞችም በእነዚህ አይመደቡም። የትርፍ ሰዓት ምደባውን ከነስሙ ሰሌዳው ላይ ይለጥፉ፤ ተለጥፎ የሚታይ ምደባ ሐሜት አይበዛበትም።

ደረጃ 7፦ ጥፋትን በዕለቱ፣ ለብቻና በጽሑፍ ይያዙ

ሠራተኛ ሲያረፍድ ወይም ሲቀር በመጀመሪያ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ በክረምት ጭቃ ሰርቪሱ ተይዞ የዘገየና ተኝቶ የዘገየ እኩል አይደሉም። ምክንያቱ አጥጋቢ ካልሆነ ግን በቃል ብቻ አይለፉት። አዋጁ ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ከሚያበቁ ምክንያቶች መካከል በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድንና በድምሩ 5 ቀን መቅረትን የሚቆጥረው፣ ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ከሆነ ነው። በሌላ አነጋገር እርስዎ በየጊዜው «ተው» ያሉት ሁሉ ካልተጻፈ እንዳልተባለ ነው። አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀናት ካለፉም በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል፤ ስለዚህ ከባድ ጥፋትን በይሉኝታ ይዞ ማቆየት ለማንም አይበጅም።

የማስጠንቀቂያው ጽሑፍ ቀን፣ ሰዓት፣ የተፈጸመውን ድርጊትና የተጣሰውን የሥራ ደንብ ይያዝ፤ «ሥነ ምግባር የጎደለው» የመሰለ ፍረጃ አይግባበት። ሠራተኛው አልፈርምም ካለ ሁለት እማኞች ማንበቡን ይፈርሙ። ለተሰበረ ዕቃ ከደመወዝ እንዲቆረጥ በራስዎ አይዘዙ፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ ደመወዝ አይቆረጥም፤ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። የወሲባዊ ትንኮሳ አቤቱታ ከቀረበልዎ ለማስታረቅ አይሞክሩ፤ በዚያው ቀን በጽሑፍ ለሚመለከተው ክፍል ያስተላልፉ።

ደረጃ 8፦ ወደ ላይ በቁጥር ይናገሩ

በሳምንት አንድ ጊዜ ከግማሽ ገጽ ያልበለጠ ማስታወሻ ለአለቃዎ ይስጡ፦ ምርት፣ ውድቅ፣ ማሽን የቆመበት ሰዓት ከነምክንያቱ፣ የቀሩ ሰዎች፣ ውሳኔ የሚጠብቅ አንድ ጉዳይ። አንድ ብቻ፤ ሰባት ጉዳይ ከቀረበ አንዱም አይወሰንም።

ባለቤቱ እንደ ድሮው በመስመሩ መካከል ገብቶ ለኦፕሬተር በቀጥታ ትእዛዝ ቢሰጥ በሰው ፊት አይከራከሩት። ኦፕሬተሮችዎን አስቀድመው «ማንም ቢያዝዛችሁ እሺ ብላችሁ ወዲያው ለእኔ ንገሩኝ» ብለው ያስለምዱ፤ ትእዛዙን በርክክብ ደብተሩ ላይ ከነሰዓቱ ይጻፉ፤ የዕለቱ ምርት ከተዛባ ማስታወሻው ላይ ምክንያቱን ያስፍሩ። ባለቤቱ አስቦበት አይደለም የሚያደርገው፤ ፋብሪካውን በእጁ የሠራ ሰው ማሽን ሲያይ ዝም ማለት ያቅተዋል።

ደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ማሽኑን ከኦፕሬተሩ ነጥቆ ራስ መሥራት። ሥራው ለጊዜው ይፈጥናል፤ ነገር ግን እርስዎ አንዱ ማሽን ላይ ሲያቀረቅሩ ሌሎቹን የሚያይ የለም፣ ሠንጠረዡ ላይ ያለው ግማሽ ክብም ሙሉ አይሆንም። እጅዎ የሚገባው ለማስተማርና ለአደጋ ጊዜ ብቻ ይሁን።

ጎበዙን መቅጣት። አስቸጋሪው ማሽን፣ የበዓል ዋዜማው ሌሊትና አዲሱ ሠራተኛ ሁሉ ወደ አንድ ታማኝ ሰው ይገፋሉ፤ ያ ሰው አንድ ቀን ጎረቤት ወዳለው ፋብሪካ ይሄዳል። ከባድ ሥራን በተራ ይመድቡ፤ ተራውንም ይጻፉት።

ወሬን እንደ ሪፖርት መቀበል። አንድ ሠራተኛ ስለ ሌላው ሲነግርዎት «እሱ ባለበት ልንነጋገር?» ብለው ይጠይቁ፤ አብዛኛው በዚያው ይቆማል።

የርክክብ ደብተሩን የጥፋት መዝገብ ማድረግ። የሰው ጥፋት በማስታወሻ ደብተርዎና በማስጠንቀቂያ ወረቀት ይያዝ። ደብተሩ መወነጃጀያ ከሆነ ወጪው ፈረቃ ብልሽትን መደበቅ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ገጹ ላይ «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ብቻ ይቀራል። ሦስት ቀን ተከታትሎ «ሁሉም ደህና ነው» ተጽፎ ካዩ፣ በአራተኛው ቀን ፈረቃው ከማለቁ አንድ ሰዓት ቀድመው ገብተው ማሽኖቹን ራስዎ ይዩ።